ሁለቴ የሚበስል እንፋሎት

ሳቭዬሊች፦ ባልዲውን ሙሉ ነው የደፋኸው?

ቲኾን፦ ሙሉ አይደለም። ግማሹ እግሬ ላይ ፈሷል።

ሳቭዬሊች፦ እኔ ያልኩህ አንድ ጭልፋ ነው። ያውም ያልሞላ።

ቲኾን፦ ጭልፋዋ ትንሽ ናት፣ ሳቭዬሊች። እኛ ደግሞ ሁለት ነን።

[ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱ ሰዎች ባኛ ውስጥ ናቸው። ባኛ ማለት ድንጋይ በምድጃ አግለው ውኃ የሚረጩበት የእንጨት ቤት ነው፤ ሰው መደብ ላይ ቁጭ ብሎ ጆሮው እንዳይቃጠል የሱፍ ቆብ አድርጎ በእንፋሎቱ ያልበዋል። ሳቭዬሊች ትልቅ ሰው ነው። ዕድሜውን ያሳለፈው በድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ነው፤ ወደዚህ ከተማ ወደ አቶም ጣቢያው የመጣው በቅርብ ነው። ቲኾን ከእሱ ያንሳል። ሁለቱም የሚሠሩት ተርባይን ቤት ነው። ቲኾንን ሰዎች ጭንቅላቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው ይሉታል፤ እሱም ሲሉት ይሰማል፣ አይከፋውም። አሁን ቤቱ ሁሉ ነጭ ጭጋግ ሆኗል።]

ሳቭዬሊች፦ አሁን ምን ይታይሃል?

ቲኾን፦ ምንም።

ሳቭዬሊች፦ እኔስ?

ቲኾን፦ ድምፅዎ ይሰማኛል። ከዚያ ዝቅ ብሎ አንድ ጉልበት አለ። የእርስዎ መሰለኝ።

ሳቭዬሊች፦ ጉልበቱ ያንተ ነው።

ቲኾን፦ ለካ ሳከው ደስ ያለኝ ለዚህ ነው።

ሳቭዬሊች፦ ስማኝ፣ ልጄ። ይሄ እንፋሎት አይባልም። ይሄ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። እንፋሎት ማለት የማይታየው ነው።

ቲኾን፦ ካልታየ መኖሩን በምን አውቃለሁ?

ሳቭዬሊች፦ ጆሮህ ይነግርሃል። ጆሮህን ሲለበልብህ መጥቷል ማለት ነው።

ቲኾን፦ ጆሮዬንማ አሁንም እየለበለበኝ ነው።

ሳቭዬሊች፦ አሁን የሚለበልብህ ጭጋጉ ነው። ጭጋግ የውኃ ጠብታ ነው፤ እንፋሎት የነበረ፣ ደክሞት ወደ ውኃነት የተመለሰ።

ቲኾን፦ ይሄን ለጆሮዬ ማን ይንገርልኝ?

[ሳቭዬሊች ሲያስረዳ ማቆም አይወድም። ስለ ማንቆርቆሪያ ነገረው። ውኃ ሲፈላ ከማንቆርቆሪያው አፍ ላይ ወዲያው ነጭ ነገር አይታይም፣ ትንሽ ባዶ ቦታ አለ፣ ነጩ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው አለው። እንፋሎቱ ያ ባዶ የሚመስለው ነው፣ ነጩማ ጠብታ ነው አለው። ቲኾን አፉን ከፍቶ አዳመጠ። ጭጋግም ገባበት።]

ቲኾን፦ እንግዲህ እንፋሎቱ ባዶው ነው።

ሳቭዬሊች፦ ባዶ አይደለም።

ቲኾን፦ ባዶ የሚመስለው።

ሳቭዬሊች፦ እሱ ነው። ባዶ ይመስላል፣ ግን አለ።

ቲኾን፦ ባለቤቴም እንዲህ ነው የምትለኝ። ድስቱን ከፍቼ ባዶ ነው ስላት፣ ባዶ አይደለም፣ በደንብ እየው ትለኛለች።

[እዚህ ላይ ስለ ሰኞ መናገር ያስፈልጋል። ተርባይን ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ በየጊዜው ይፈተናል። ባለፈው ወር ሳቭዬሊች ተፈትኖ ወድቋል። ይህን ከሚስቱ ከአንፊሳ በቀር ማንም አያውቅም ብሎ ያስባል። ለሰው ሁሉ ዕረፍት ወጥቻለሁ፣ ዓሣ እያጠመድኩ ነው ብሏል። ሰኞ እንደገና ይፈተናል። ሰኞም ከወደቀ ከተርባይን ቤት ወጥቶ ሐይቁ ዳር ወዳለው የፓምፕ ቤት ይላካል። የፓምፕ ቤት ሥራ ክፉ ሥራ ሆኖ አይደለም። ግን ሳቭዬሊች ዕድሜ ልኩን የኖረው በእንፋሎት ነው፤ ለጎረቤቱም፣ ለዳቦ ሻጯም፣ በዚያ ጣቢያ እንፋሎቱን የማዘው እኔ ነኝ ሲል ከርሟል። እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል።]

ሳቭዬሊች፦ ሰኞ ፈተናው ክፍል ተጠርቻለሁ።

ቲኾን፦ እርስዎ? ከፈታኞቹ ጋር?

ሳቭዬሊች፦ ከፈታኞቹ ጋር እቀመጣለሁ።

ቲኾን፦ በጠረጴዛው በየትኛው በኩል?

ሳቭዬሊች፦ ጠረጴዛው ክብ ነው።

ቲኾን፦ እንግዲያው እርስዎን ማግኘቴ ጥሩ ሆነ። አንድ ነገር ሳልጠይቅ ኖሬያለሁ። ሰው ሁሉ ገብቶታል ብዬ ዝም አልኩ። እንፋሎቱን ለምንድነው ሁለቴ የምናበስለው?

ሳቭዬሊች፦ እዚያ ቤት ውስጥ እየሠራህ ይሄን አታውቅም?

ቲኾን፦ እኔ ያለሁት ተርባይኑ ጋ ነው። በስሎ ነው የሚደርሰኝ።

[ሳቭዬሊች ደስ አለው። ላይኛው መደብ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፣ በባኛ ገላ የሚመቱበትን የበርች ዛፍ ቅጠል እስር አነሳ፣ በእሱም አየር ላይ ሥዕል እየሣለ ጀመረ።]

ሳቭዬሊች፦ ውኃው በቱቦ ወደ ሪአክተሩ፣ ወደ አቶሙ ምድጃ፣ ይገባል። እዚያ ይፈላል።

ቲኾን፦ እዚህ ድረስ ሾርባ ነው። ገብቶኛል።

ሳቭዬሊች፦ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ግን እርጥብ ነው። ጠብታ ተሸክሟል።

ቲኾን፦ ይሸከማ። ተርባይኑን የሚያህል ብረት ጠብታ ምን ያደርገዋል?

ሳቭዬሊች፦ በዚያ ፍጥነት የመጣ ጠብታ ጠጠር ነው። የተርባይኑን ክንፎች እየቆረጠመ ይበላቸዋል።

ቲኾን፦ እንደኛ የሱፍ ቆብ ያድርጉለታ።

ሳቭዬሊች፦ ቆብህን አትንካ፣ ጆሮህ ይላጣል። ተርባይን ቆብ አይፈልግም። የሚፈልገው ደረቅ እንፋሎት ነው። ስለዚህ እንፋሎቱን ከውኃው እንለየዋለን፣ ከዚያ መልሰን ወደዚያው ሪአክተር እንሰደዋለን፣ በሌላ ቱቦ። እዚያ ጠብታው ሁሉ ይደርቃል። ደርቆም አያበቃም። ይግላል፣ ይግላል፣ ብረት ሊያቀላ እስኪደርስ ይግላል።

ቲኾን፦ አንዴ ከወጣ በኋላ ተመለስ ይሉታል ማለት ነው።

ሳቭዬሊች፦ ተመለስ ይሉታል።

ቲኾን፦ አንፊሳ እርስዎን በር ላይ እንደምትመልስዎት። ሂድና ጫማህን ጠርገህ ግባ ብላ።

ሳቭዬሊች፦ [አሰበበት] እንደዚያ ማለትም ይቻላል።

ቲኾን፦ ሁለተኛ ሲገቡ ደርቀው ነው የሚገቡት?

ሳቭዬሊች፦ ሁለተኛ ስገባ ተናድጄ ነው የምገባው።

ቲኾን፦ እሱም ለካ ለዚህ ነው እንደዚያ የሚሮጠው።

[ሳቭዬሊች ይህ ትክክል ይሁን አይሁን ለመወሰን ተቸገረ። ሌላ ምሳሌ አመጣ። ዳቦ ተጋግሮ ይወጣል፣ ተቆርጦ እንደገና ምድጃ ይገባል፣ ደርቆ ለመንገድ ስንቅ ይሆናል አለ። ቲኾን ወዲያው ተስማማ። ከዚያ ተርባይኑን ካዞረ በኋላ ወዴት ይሄዳል ብሎ ጠየቀ። ሳቭዬሊች በሐይቁ ውኃ ቀዝቅዞ ውኃ ይሆናል፣ ያው ውኃ ተመልሶ ይፈላል አለው። ቲኾን አዘነለት። መፍላት፣ መድረቅ፣ መሮጥ፣ መቀዝቀዝ፣ ደግሞ መፍላት፣ ይሄ እኮ የፈረቃ ሠራተኛ ነው አለ፤ እኛስ ቅዳሜ ቅዳሜ ባኛ እንገባለን፣ እሱ ግን የሚያርፍበት የለውም አለ።]

ሳቭዬሊች፦ በል በሩን ክፈትና ይሄ ጭጋግ ይውጣ። በዓይንህ አሳይሃለሁ።

ቲኾን፦ አይታይም አላሉኝም?

ሳቭዬሊች፦ በቆዳህ አሳይሃለሁ።

[በሩ ተከፈተ። ጭጋጉ ወጣ፣ ብርድ ገባ፣ ቲኾን ተንቀጠቀጠ። በሩ ተዘጋ። ሳቭዬሊች ቤቱ ደረቅ እስኪል ጠበቀ። ከዚያ ግማሽ ጭልፋ ውኃ ወስዶ ወደ ምድጃው ጥግ፣ በጣም ወደ ጋሉት ድንጋዮች ረጨው። ድንጋዩ አንድ ጊዜ ብቻ እፍ አለ። ምንም አልታየም።]

ቲኾን፦ ምንም አልመጣም።

ሳቭዬሊች፦ ታገስ።

ቲኾን፦ ከኔ ባልዲ ይሻላል ካሉኝ ግን...

[ቲኾን ከላይኛው መደብ ወደ መካከለኛው ወረደ። ከመካከለኛው ወደ ታችኛው ወረደ። ከታችኛው ወለሉ ላይ ተኛ፣ በሆዱ።]

ሳቭዬሊች፦ መጣ?

ቲኾን፦ [ከወለሉ] መጥቷል። በየት በኩል እንደመጣ ግን አላየሁትም።

ሳቭዬሊች፦ እንግዲህ ይሄ የባኛ ነው፣ ልጅ ነው። የጣቢያው አባቱ ነው። እዚያ ቧንቧ ቢሰነጠቅ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? ቀዳዳው ጋ ምንም አታይም። ድምፅ ትሰማለህ፣ ከየት እንደሆነ አታውቅም። እጅህን ብታሳልፍ እጅህ የለም።

ቲኾን፦ መጥረጊያውስ?

ሳቭዬሊች፦ አየህ፣ እሱን ታውቃለህ። መጥረጊያ ከፊት ዘርግተህ ቀስ ብለህ ትሄዳለህ። የመጥረጊያው ጭራ ተቆርጦ ሲወድቅ፣ ቁም። እዚያ ነው ያለው።

ቲኾን፦ ለዚህ ነበር እንዴ?

ሳቭዬሊች፦ ምኑ?

ቲኾን፦ ገና እንደገባሁ ሰሞን የፈረቃው አለቃ መጥረጊያ ሰጠኝ። በዚህ ቧንቧ ሥር ቀስ እያልክ እስከ መጨረሻው ሂድ አለኝ። ሄድኩ።

ሳቭዬሊች፦ ከፊትህ ዘርግተህ?

ቲኾን፦ ከፊቴ። ወለሉ ላይ።

ሳቭዬሊች፦ ጠረግከው?

ቲኾን፦ መጥረጊያ የተሰጠው ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? ያ መተላለፊያ እንደዚያ ቀን ጸድቶ አያውቅም። ስመለስ አለቃው መጥረጊያውን አገላብጦ አየና ደህና ነው አለ። ምንም አላገኘህም አለኝ። የሸሚዝ ቁልፍ አገኘሁ አልኩት።

[ሳቭዬሊች የበርች ቅጠሉን እስር ጭኑ ላይ አስቀመጠ።]

ሳቭዬሊች፦ አንተን እዚያ ቤት እንድትቀጥል ማን ፈቀደልህ?

ቲኾን፦ ፈታኞቹ። ባለፈው ወር አለፍኩ።

ሳቭዬሊች፦ አለፍክ?

ቲኾን፦ አለፍኩ። እርስዎ ዕረፍት ላይ ስለነበሩ አልሰሙም። ዓሣው እንዴት ነው?

ሳቭዬሊች፦ ዓሣውን ተወው። ምን ጠየቁህ?

ቲኾን፦ አንድ ጥያቄ ነው። ሪአክተሩ በድንገት ቆመ፣ ማቆሚያ ዘንጎቹ ወርደው እሳቱን አጠፉት፣ አንተ ብቻህን ነህ፣ ምን ታደርጋለህ አሉኝ።

[ሳቭዬሊችንም የጠየቁት ይህንኑ ነበር። የወደቀውም በዚህ ነው። ለምን እንደወደቀ ግን እስከ ዛሬ አልገባውም፤ ለአንፊሳም ፈታኞቹ ልጆች ናቸው፣ ከሰል አይተው አያውቁም ብሏታል።]

ሳቭዬሊች፦ ይሄማ የሕፃን ጥያቄ ነው። እኔ ከሰል ጣቢያ ስንቴ አድርጌዋለሁ። እሳቱ ጠፋ? ጠፋ። እንፋሎቱን ትዘጋለህ። ውኃውን ትዘጋለህ። ኮትህን ትለብሳለህ። ሾርባህ ሳይቀዘቅዝ ቤትህ ትደርሳለህ።

ቲኾን፦ እዚህም እንደዚያ ነው?

ሳቭዬሊች፦ እሳት እሳት ነው።

ቲኾን፦ [ራሱን እያከከ] እኔ እንደዚያ አላልኩም።

ሳቭዬሊች፦ አንተ ምን አልክ?

ቲኾን፦ ምንም አልነካም አልኩ።

ሳቭዬሊች፦ ምንም?

ቲኾን፦ ምንም። መሀለኛው፣ መነጽር ያደረገው፣ ውኃው በቱቦዎቹ ውስጥ እየሄደ ነው፣ እሱንስ አለኝ። ይሂድ አልኩ። ሪአክተሩ እኮ ቆሟል አለኝ። ይቁም አልኩ። ለምን ውኃውን አትዘጋውም አለኝ። እኔ አልከፈትኩትም፣ የከፈተው ሰው ያውቃል፣ አለቃዬን እጠራለሁ አልኩ።

ሳቭዬሊች፦ ከዚያስ?

ቲኾን፦ ከዚያ ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ጥሩ፣ በቃ ሂድ አሉኝ። ያባረሩኝ መስሎኝ ዕቃዬን ሰብስቤ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። በማግስቱም አልሄድኩም። አለቃው ሰው ላከብኝ፣ ፈተና ያለፈ ሰው ለምን ይጠፋል ብሎ።

[ሳቭዬሊች ባልዲው ውስጥ እጁን ነክሮ ፊቱን አበሰ። ቲኾን ደግሞ ከወለሉ ተነስቶ ታችኛው መደብ ላይ ቁጭ አለ፣ ወሬም መጣለት።]

ቲኾን፦ ከእኔ በኋላ ግን አንድ ሰው ገባ አሉ። ስሙን አልነገሩንም። ሲያወራ ዋለ አሉ፣ ስለ ከሰል፣ ስለ ጭስ መውጫ፣ ስለ አያቱም። መጨረሻ ላይ እንፋሎቱን ዘጋ፣ ውኃውን ዘጋ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ቤቱ ገባ። በአፉ ማለቴ ነው። ሳምንቱን በሙሉ ስንስቅ ከረምን።

ሳቭዬሊች፦ [የሱፍ ቆቡን እስከ አፍንጫው ሳበ] ሁላችሁም?

ቲኾን፦ ሁላችንም። አሁንም ምግብ ቤት ውስጥ ሰው ኮቱን ካነሳ፣ ምነው ሪአክተሩ ቆመ እንዴ እንለዋለን።

ሳቭዬሊች፦ [ከቆቡ ሥር] ምስኪን ሰውዬ።

ቲኾን፦ ሰኞ ከፈታኞቹ ጋር ሲቀመጡ ይጠይቁልኝ፣ ማን እንደሆነ።

ሳቭዬሊች፦ እጠይቃለሁ።

[ድንጋዩ ቀስ ብሎ ተንጣጣ። ቲኾን ሳቭዬሊችን አየው፣ ቆቡን አየው፣ ደግሞ ሳቭዬሊችን አየው። ጭልፋዋን አነሳና አገላበጣት።]

ቲኾን፦ እኔን ያልገባኝ ግን ያለፍኩበት ነው። ለምንድነው ትክክል የሆነው? ሰው ብጠይቅ ይስቁብኛል። እርስዎ ያስረዱኝ።

ሳቭዬሊች፦ ምኑን?

ቲኾን፦ ሪአክተሩ ከቆመ ውኃው ለምን ይሄዳል?

[ሳቭዬሊች ቆቡን ከዓይኑ ላይ አነሳ። አፉን ከፈተ። እንፋሎቱ ሲቆም፣ አለ፤ ተወው። ውኃው ሲሞቅ፣ አለ፤ እሱንም ተወው። ቲኾን እስኪያስረዱት ሲጠብቅ በረደው መሰለኝ፣ ሳይጠይቅ አንድ ጭልፋ ውኃ ድንጋዩ ላይ ረጨ። ድንጋዩ እፍ አለ፣ ቲኾንም ተመልሶ ወለሉ ላይ ተኛ።]

ቲኾን፦ [ከወለሉ] ሳቭዬሊች፣ እሳቱን እኮ ጠርገን አውጥተን ነው የገባነው።

ሳቭዬሊች፦ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ባኛ የሚገባው እሳቱ ከወጣ በኋላ ነው፣ አለዚያ ጭሱ ይገድልሃል።

ቲኾን፦ ታዲያ እሳት ከሌለ ጆሮዬን የሚጠብሰው ማን ነው?

ሳቭዬሊች፦ ድንጋዩ ነዋ። እሳቱ ቢወጣም ድንጋዩ ሙቀቱን...

[የበርች ቅጠሉ እስር ከጭኑ ላይ ወደቀ፣ ቲኾን ላይ። ሁለቱም አላነሱትም።]

ሳቭዬሊች፦ [ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ] ድንጋዩ እንኳ ይሄን ያህል ይቆያል። ድንጋይ ግን የሚሰጠው የተረፈውን ነው፤ እየሰጠ እየሰጠ ይበርዳል። ሪአክተሩ ይብሳል። እሱ እሳቱን ካጠፉትም በኋላ ከሆዱ ሙቀት ማውጣቱን አይተውም። ትንሽ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ይቆያል። ይሄን ነግረውናል፣ ጽፈውልናል፣ እኔ እኮ አንብቤዋለሁ። ሳነበው ግን ዓይኔ እንጂ እጄ አልሰማም። እጄ ገና ከሰል ጣቢያ ነው ያለው። አሁን አንተ ውኃውን ዘጋህ እንበል። ሙቀቱን ከቱቦዎቹ ወስዶ የሚሄድ ነገር የለም። ያ ማፍሊያው ቱቦ፣ ያ ማድረቂያው ቱቦ...

ቲኾን፦ ምን ይሆናሉ?

ሳቭዬሊች፦ ይቃጠላሉ። አንተ ኮትህን እየቆለፍክ እነሱ ይቃጠላሉ።

ቲኾን፦ እኔ አልቆለፍኩም።

ሳቭዬሊች፦ አንተ አይደለህም። ያ ሰውዬ።

[ከዚያ በኋላ ብዙ ተነጋገሩ፣ ወይም ሳቭዬሊች ብዙ ተናገረ። ከመጀመሪያው ጀመረ፣ ውኃው ከሚገባበት፣ ሁለቴ እስከሚበስልበት፣ ተርባይኑን አዙሮ ሐይቁ ጋ እስከሚቀዘቅዝበት፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ሲቆም ምን መሄድ እንዳለበትና ለምን እንደሚሄድ። ቲኾን በየመሀሉ አልገባኝም ይላል፣ ሳቭዬሊች ይደግመዋል። ሲደግመው ያጥር ጀመር። ሲወጡ ፀሐይዋ ልትገባ ነበር፣ ሁለቱም እንደ ተቀቀለ ዓሣ ቀልተው ነበር። ክቫስ የሚባለውን የዳቦ ጠላ ጠጡ።]

[ሰኞ። ከፈተናው ክፍል ውጪ ያለ መተላለፊያ። ቲኾን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጎመን የገባበት ዳቦ ይበላል። ፈረቃው አልደረሰም፣ ግን መጥቷል። በሩ ተከፈተ። ሳቭዬሊች ወጣ። ኮቱን ክንዱ ላይ ይዞታል፣ ለመልበስ አልቸኮለም።]

ቲኾን፦ ፈተኗቸው?

ሳቭዬሊች፦ ተፈተንኩ።

ቲኾን፦ እሱንማ አውቄዋለሁ። ፈታኝ የሆነ ሰው ባኛ ገብቶ ያንቀላፋል እንጂ ለእንደኔ ዓይነቱ ሲያስረዳ አይውልም።

ሳቭዬሊች፦ ካወቅክ የዚያን ሰውዬ ወሬ ለምን አመጣህብኝ?

ቲኾን፦ ስጀምረው አላወቅኩም፣ በእውነት። ያወቅኩት ቆቡን ሲስቡት ነው።

ሳቭዬሊች፦ ለማን ነገርክ?

ቲኾን፦ ለማንም። እኔ ያልከፈትኩትን ነገር አልነካም።

[ሳቭዬሊች አጠገቡ ተቀመጠ። ቲኾን ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ግማሹን ሰጠው። ሳቭዬሊች ተቀበለ፣ ግን አልበላም።]

ቲኾን፦ ምን ጠየቁዎት?

ሳቭዬሊች፦ ያንኑ።

ቲኾን፦ ምን አሏቸው?

ሳቭዬሊች፦ ውኃውን አልዘጋም አልኩ። ለምን አሉኝ። ቆሞም ከሆዱ ይሞቃል፣ ሙቀቱን ወስዶ የሚሄድ ነገር ያስፈልገዋል አልኩ። ከዚያም ዝም አልኩ።

ቲኾን፦ ዝም አሉ? እርስዎ?

ሳቭዬሊች፦ እነሱም ደነገጡ። አሞዎታል ወይ አሉኝ። ደህና ነኝ አልኩ። ከዚያ ያ መነጽር ያደረገው፣ ይሄስ ጥሩ ነው፣ ግን እጅዎ ዕድሜ ልኩን ሲዘጋ የኖረ እጅ ነው፣ በጭንቅ ሰዓት ራሱ ወደ መዝጊያው ቫልቭ ቢሄድስ አለኝ።

ቲኾን፦ እውነቱን ነው። ይሄዳል።

ሳቭዬሊች፦ ይሄዳል። እኔም ይሄዳል አልኩት። ስለዚህ እጄ ሳይደርስ ቲኾንን እጠራለሁ አልኩ።

ቲኾን፦ [ዳቦው አፉ ውስጥ ቀረ] እኔን? እኔ መጥቼ ምን አደርጋለሁ፣ ሳቭዬሊች? እኔ እኮ ምንም አላውቅም።

ሳቭዬሊች፦ እነሱም ይሄንኑ ጠየቁኝ። ምንም አያደርግም፣ የምጠራውም ለዚህ ነው አልኳቸው። እጄን ይዞ ይቆማል አልኩ። ሳቁ፣ ማለፌን ፈረሙልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሁለታችንን አንድ ፈረቃ ላይ አድርገውናል።

ቲኾን፦ ሁለቱንም እጅዎን ነው የምይዘው?

ሳቭዬሊች፦ ሁለቱንም። አፌን ግን ተውልኝ።